ዳገት ላይ የሚሳለሙት ጋሼ አስናቀ

እስቲ ንገሩኝ፣ ሜልበርን ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ማለቴ፣ ከራሴ ሌላ አላየሁም። ኋላ ላይ አንድ ሽማግሌ ተጨመሩና ሁለት ሆንን።

ወገኖቻችን ብስክሌትን የሚያዩት በሐዘን ነው። በምኖርበት ሰፈር፣ በዋይንድሃም ቬል፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየሁት አንድ ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ በስም እንኳ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አይዞህ፣ ያልፋል» አለኝ። ምኑ እንደሚያልፍ ሳይገባኝ አንዲት እናት ቀረብ ብለው መንጃ ፈቃዴን ለስንት ወር እንደቀሙኝ ጠየቁኝ። ሦስተኛው ደግሞ ዳንደኖንግ ያለ አንድ ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው፣ ስልክህን ስጠኝ አለ። መኪናዬ ደጅ እንደቆመች፣ ሥራም እንዳለኝ፣ ብስክሌቱን የምነዳው ደስ ስለሚለኝ እንደሆነ አስረዳሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያማ የባሰውን አዘኑልኝ።

አይፈረድባቸውም። እኔም መጀመሪያ ስመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቦርጫቸው የወጣ፣ የተከበሩ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ገላቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ልብስ ለብሰው በቡድን ሲነዱ ታያላችሁ። የት ነው የሚሄዱት? የትም። ዞረው ዞረው ቤታቸው ነው የሚገቡት። ቤታቸው ለመግባት ከሆነ ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ወጡ? ይህን እየጠየቅኩ ኖሬ ኖሬ እኔም ከነሱ እንደ አንዱ ሆንኩ፤ ከልብሱ በቀር።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በሂሩት ነው። ሂሩት ነርስ ናት፤ ቤቷ ከኔ ቤት ሦስተኛው ነው። እናቷ ባሕር ዳር ሲያርፉ አባቷን፣ ጋሼ አስናቀን፣ ብቻቸውን አልተዋቸውም ብላ ወደዚህ አመጣቻቸው። ጋሼ አስናቀ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደሚሠሩበት መዝገብ ቤት በብስክሌት ሲመላለሱ የኖሩ፣ መንገድ ላይ ሰላም ሳይሉ የሚያልፉት ሰው የሌላቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። እዚህ ሲመጡ ምን ጠበቃቸው? ሶፋ።

ዋይንድሃም ቬልን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ አዲስ ሰፈር ነው። ቤቱ አዲስ፣ አጥሩ አዲስ፣ ዛፉም ገና በእንጨት ተደግፎ የቆመ ነው። ሰው ብቻ አይታይም። ጋራዡ በሪሞት ይከፈታል፣ መኪናው ይወጣል፣ ጋራዡ ይዘጋል። ጋሼ አስናቀ ሁለት ወር ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ይህንን አዩ። ሂሩትና ባሏ ሺፍት ላይ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ሲጠሯቸው «ኦኬ ግራንድፓ» ብለዋቸው ያልፋሉ። በመጨረሻ እህል መቅመስ ቀነሱ። ቀጥሎ ገናን አገሬ ነው የማከብረው አሉና ለታኅሣሥ አጋማሽ ትኬት አስቆረጡ።

አገር ቤት ግን ማን አላቸው? ባለቤታቸው የሉም። ልጃቸው ሂሩት ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እዚህ ናት። ቤታቸውም ተከራይቷል። ሂሩት አጥር ጋ አግኝታኝ አለቀሰች። አባዬ ከሄደ በሦስት ወር ውስጥ የምሰማው መርዶውን ነው አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ አንተ ብስክሌት አለህ አይደል፣ እባክህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት አውጣልኝ፣ ልቡ ይመለስ እንደሆን አለች።

እኔ እንግዲህ ደግ ሰው ነኝ። ራሴ ብናገረውም እውነት ነው። ጊዜም ነበረኝ። ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ላመጣ ሁለት ዓመት ቪዛ ጠብቄ፣ ቪዛው ሲመጣ እሷ ቀረች። እሱን ተዉት፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለሱ አይደለም። ቅዳሜዬ ባዶ ነበር ለማለት ያህል ነው። ከሥራ መልስ ጋራዡን በሪሞት ከፍቼ እገባለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ኑድል እቀቅላለሁ፣ አለቀ። እና አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ማጫወት ጽድቅም ነው ብዬ እሺ አልኩ።

ግን የት ይነዳል? በኛ ሰፈር ነፋሱ ከፊት ይገፋል፣ ከባድ መኪናው ከጎን ይገፋል። የምሠራው ዲር ፓርክ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እዚያ ኮሊን የሚባል፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰውዬ አለ። በልጅነቱ ከእንግሊዝ ገጠር የመጣ ነው፤ ሃምሳ ዓመት እዚህ ኖሮም ስለዚያ ሰፈር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ጸጥ ያለ የብስክሌት መንገድ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ፎርክሊፍቱን አጠፋ። ሥራ ላይ ፎርክሊፍቱን ሲያጠፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካርቶን ቀደደና በማርከር ይሥል ጀመር።

ባከስ ማርሽ ከምትባለው ከተማ አልፋችሁ ትልቁን መንገድ ትተዋላችሁ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጭን አስፋልት ነው፤ መኪና በሰዓት አንድ ቢያልፍ ነው። መሬቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። በግራ በቀኝ ያረጁ የፈረንጅ ዛፎች ተሰልፈዋል፤ ከነሱ ጀርባ አረንጓዴ ሜዳና በግ ነው። በየአምስት በየስምንት ኪሎ ሜትሩ ትንሽ የድንጋይ መንደር አለች፤ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ሁለት ቤተ ክርስቲያን። የተናካሽ ውሾቹን ቦታ ሳይቀር በኤክስ ምልክት አደረገልኝ። እንግሊዝ አገር የናፈቀው ሰው አውሮፕላን አይሳፈር፣ በመስከረምና በጥቅምት እዚያ ይሂድ አለ።

የመንደሮቹን ስም አልነግራችሁም። አትቀየሙኝ። አንድ ሐበሻ ካወቀው በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባ ሆነን በግ ገዝተን ነው የምንሄደው። ከዚያ ጸጥታውን ማን ያገኘዋል?

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ሁለቱን ብስክሌቶች፣ የኔንና ሂሩት ለሳቸው የገዛችውን፣ መኪናዬ ላይ ስጭን ጋሼ አስናቀ ቆመው ተመለከቱኝ። ብስክሌት በመኪና ተሳፍሮ ሽርሽር ሲሄድ ያየሁት ገና ዛሬ ነው አሉ። አለባበሳቸውን ብታዩ! ኮት፣ ከረባት፣ የተተኮሰ ሱሪ። የቀኝ እግራቸውን ሱሪ ካቴናው እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ይዘውታል። ባርኔጣቸውን አላወልቅም፣ ሄልሜቱን ከላዩ ደርቡልኝ አሉ። እዚህ አገር ሕጉ አይፈቅድም፣ ፖሊስ ይቀጣናል ብዬ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ባርኔጣው በፌስታል ሆኖ መሪው ላይ ተንጠለጠለ፤ ስንቆም ሊያደርጉት።

መንገዱ ኮሊን እንዳለው ነበር። እንዲያውም በለጠ። ጥቅምት ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከጎማችን ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ጋሼ አስናቀ የመጀመሪያዋን ጉብታ ሲወጡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ኮታቸው በነፋስ እየተርገበገበ ሲስቁ ሰማኋቸው። ሁለት ወር ስቀው አያውቁም ያለችኝ ሂሩት ናት። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

በዚያ አገር ገበሬ በፒክአፕ ሲያልፍ አንዲት ጣት ከመሪው ላይ ያነሣል። ሰላምታ መሆኑ ነው። ጋሼ አስናቀ ይህቺን ጣት ሲያዩ ከብስክሌታቸው ይወርዳሉ፤ ሄልሜታቸውን ያወልቃሉ፤ እጅ ይነሣሉ። መኪናው እስከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ጋሼ፣ እንደነሱ ጣትዎን ብቻ ያንሡ ብላቸው፣ በአንድ ጣት ሰላም የሚባለው ሰው ምን በድሎ ነው አሉኝ። አንዱ ገበሬ በመስታወት አይቷቸው ኖሮ መኪናውን አቁሞ ወደ ኋላ ነዳ። የተጎዱ መስሎት ነው። ወረደ፣ ጋሼ አስናቀ ጨበጡት፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት፣ እኔ አስተረጎምኩ። ሰውዬው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ እናቱ መታመሟን ነገረን። ከዚያ ቀን በኋላ ባየን ቁጥር ይቆማል።

ስለ ዳገቱ ልንገራችሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሳቸው ስድሳ ስድስት። ሽማግሌ ናቸውና ለአክብሮት ከፊት እንዲመሩ አደርጋለሁ። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። አንዳንድ ዳገት ላይ አክብሮቴ ስለሚበዛ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እቀራለሁ። እሳቸው አንድ ጊዜም አይቆሙም፤ መዝገብ ቤት የሚሄዱ ነው የሚመስሉት።

የሚቆሙት ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ ብቻ ነው። እንደ ሰላምታው ሁሉ ይወርዳሉ፣ ብስክሌቱን አጥር ያስደግፋሉ፣ ያማትባሉ፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይሳለማሉ፣ ይጸልያሉ። ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፕሮቴስታንት ነው አልኳቸው። መስቀል አለው አይደል አሉኝ። አለው። ታዲያ ምን ትለኛለህ አሉ። መንደሮቹ አምስት፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ ስምንት ናቸው። አማካይ ፍጥነታችንን አትጠይቁኝ።

እንግዲህ አንዲት ከሁሉም የምትረዝም ዳገት አለች። አናቷ ላይ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ባለ ቀለም መስኮት፣ ጫፏ ላይ መስቀል። እኔ ስደርስ ጋሼ አስናቀ መቃኑን እየተሳለሙ ነበር። ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው ሳለ በሩ ተከፈተ። የመኝታ ጋውን የለበሱ አሮጊት ሴት፣ በእጃቸው የጥርስ ብሩሽ ይዘው ብቅ አሉ።

እዚያ አገር ምእመን ያለቀበት ቤተ ክርስቲያን ይሸጣል፤ ሰው ገዝቶ ይኖርበታል። እኔ ይህን አውቃለሁ። ግን በዚያ ሰዓት ትንፋሼ ስለተቋረጠ ለማስጠንቀቅ አልቻልኩም። ጋሼ አስናቀ ምንም አልደነገጡም። ሴትዮዋን እጅ ነሡ፤ እጃቸው ላይ መስቀል ፈለጉ፤ የጥርስ ብሩሽ ሆነባቸው። ሴትዮዋ ማርጋሬት ይባላሉ። እኔ በእንግሊዝኛ እየተንተባተብኩ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ነው፣ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማርጋሬት ጋሼ አስናቀን ረዘም ላለ ጊዜ አዩአቸው። ባሌ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ያን ያህል ጊዜ ማንም ሰው ይህን በር በዚህ ዓይነት ፍቅር አልነካውም አሉ። አትንገራቸው አሉኝ።

ሴትዮዋ ማን ናቸው ሲሉኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቁ ናቸው አልኩ። ውሸት ነው? መጥረጉን ይጠርጋሉ፣ መቆለፉን ይቆልፋሉ። ጋሼ አስናቀ መነኩሲት ናቸው ማለት ነው አሉ። አላረምኳቸውም። ማርጋሬት በረንዳው ላይ ሻይ አቀረቡልን። እኔ ሳሩ ላይ ተዘርግቼ ነበር፤ ለአክብሮት።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እዚያ ማረፍ ልማድ ሆነ። ጋሼ አስናቀ አማርኛ ያወራሉ፣ ማርጋሬት እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ውሸቴን እጠብቃለሁ። ውሸት እንደ ልጅ ነው፣ አንዴ ከወለዱት በየቀኑ ሲመግቡት መኖር ነው። አንድ ቀን ጋሼ አስናቀ ከጓሮ የተሰጣ የሴት የውስጥ ልብስ አዩና ወደኔ ዞሩ። የምእመናን ነው፣ በነፃ ያጥቡላቸዋል አልኩ። ኅዳር አጋምሶ ጾመ ነቢያት ሲገባ ማርጋሬት ቅቤ የተቀባ ትኩስ ኬክ አመጡ። መነኩሲቶቻቸው አይጾሙም እንዴ አሉኝ። ጾሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ሌላ ቀን ነው አልኩ። እሳቸው ባዶ ሻይ ጠጡ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያኑን ዞር ብዬ የሁለታችንንም በላሁ። የገረመኝ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ ነገሬን ሁሉ እሺ፣ እሺ ማለታቸው ነው።

ታኅሣሥ ገባ። ሂሩት በስልክ በደወለች ቁጥር ምን አለህ፣ ስለ ትኬቱ ምን አለ ትለኛለች። ምንም አላሉኝም። እህል መቅመስ ጀምረዋል፣ ፊታቸው ወዝ አውጥቷል፣ ግን ሻንጣቸው ተሰናድቶ በር ሥር ቆሟል። መንገዱ ቆንጆ ነው፣ ሰላምታው ሞልቷል፣ ሻዩ አለ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ለሂሩት ብዬ ነው የምጨነቀው እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ እንጂ፣ ቅዳሜ ጠዋት ያን መቆንጠጫ ሳላየው ልቀር ነው ብዬ ሳስብ ነበር እንቅልፌ የሚጠፋው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። በረራቸው ማክሰኞ ነበር። ያቺን ዳገት ወጣናት፤ ማለቴ እሳቸው ወጡ፣ እኔ ኋላ ደረስኩ። መቃኑን ሲሳለሙ ሳይ ሕሊናዬ አልቻለም። ሰውዬው ያላቸውን ጸሎት ሁሉ በሰው ሳሎን በር ላይ አፍስሰው፣ ባሕር ዳር ገብተው እዚያ ማዶ የተሳለምኳት ቤተ ክርስቲያን እያሉ ሊያወሩ ነው። ማርጋሬት ሻይ ሊያመጡ ሲገቡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼዎታለሁ። ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የሴትዮዋ መኖሪያ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አንተ ሳሩ ላይ ተጋድመህ ሳለህ ሴትዮዋ ሽንት ቤት አሳዩኝ። መቅደሱ መሆን በነበረበት ቦታ ፍሪጅ ቆሟል።»

ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለምን ተሳለሙ? ይህን ስጠይቃቸው ባርኔጣቸውን ከፌስታሉ አውጥተው አደረጉና ዳገቱን ቁልቁል አዩት።

«አንተ እዚህ ስትደርስ ፊትህ አመድ ይሆናል። ዕረፍ ብልህ ወንድነትህ አይፈቅድም። ስጸልይ ግን ትጠብቀኛለህ።»

ሣቅኩ። ምን ላድርግ? አፍሬም ነበር። ሣቁን አስጨርሰውኝ ቀጠሉ።

«ሂሩትን አትቀየማት። ከመስኮት ሆነን እናይሃለን፤ ጋራዥህን ከፍተህ ትገባለህ፣ ትዘጋለህ፤ ሁለት ወር አንድ ሰው ቤትህ ሲገባ አላየንም። አባዬ፣ ያ ልጅ ሚስቱ ከቀረችበት ወዲህ ሊያልቅ ነው፣ እባክህ ብስክሌት አስነዳው አለችኝ። እሺ አልኳት። ለዚህ ነው የወጣሁት።»

አንድ ብቸኛ ሽማግሌ አጫውታለሁ ብዬ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለራሴ ጽድቅ ስመዘግብ የኖርኩት ሰውዬ፣ ለካ ሲያጫውቱኝ ነው የከረሙት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ላብ ነው አልኩ። እሳቸውም ላብ ነው አሉ። ማርጋሬት ሻዩን ይዘው ወጡ፣ ሁለታችንንም አዩ፣ ምንም ሳይጠይቁ ስኳሩን ጨመሩልን።

«ማክሰኞ እንግዲህ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ትኬቱን አራዝሜዋለሁ» አሉ። «እንዲህ እያለከለክህ ጥዬህ አልሄድም። ስትበረታ እሄዳለሁ።»

ማታውን ሂሩትን አጥር ጋ ጠራኋት። ለኔ አባቴን አውጣልኝ፣ ለአባቷ እሱን አውጣልኝ ማለቷን አልካደችም። ሁለታችሁም በየመስኮታችሁ ስትደርቁብኝ ምን ላድርግ፣ እኔ ሺፍት አለብኝ አለችኝና ገባች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ትኬቱ ሦስት ጊዜ ተራዝሟል። የኔ ነገር ግን አሳሳቢ ሆኗል። ቦርጤ ጠፍቷል። ኮሊን በቀደም ዕለት እግሬን አይቶ የአትሌት እግር ነው አለኝ። አንድ ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ ብቻዬን ሄጄ ያቺን ዳገት ሞከርኳት፤ እያፏጨሁ ወጣኋት። አናቷ ላይ ስደርስ በደስታ ፈንታ ድንጋጤ ያዘኝ። ማርጋሬት በሩን ከፍተው ብቻዬን ቢያዩኝ እሳቸውም ደነገጡ። እባክዎ፣ እንዳይነግሯቸው አልኳቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ያቺ ዳገት አጋማሽ ላይ ስደርስ ከባዱን ማርሽ አስገባለሁ፤ አፌን እከፍታለሁ፤ በኃይል አለከልካለሁ። ጋሼ አስናቀ በሩን ተሳልመው፣ ቆመው ቁልቁል ያዩኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ገና ነህ» ይሉኛል።

«ገና ነኝ፣ ጋሼ» እላለሁ።